ምዕራፍ ስድስት፦ ሰዓቱን ማን ሞላው?

በየጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። ለወሩ ቀናት ሠላሳ ዓምድ፣ በየዓምዱም ጠዋትና ማታ የሚሉ ሁለት ሣጥኖች። ነርሷ ሥራ ስትገባ ቴርሞሜትሩን አይታ ነጥብ ታኖራለች፤ ስትወጣም እንዲሁ። ሆሳዕና ይሁን ዱራሜ፣ ሾኔ ይሁን አንጋጫ አሠራሩ አንድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም፣ የያሆዴና የመሳላ በዓላት ሰሞንም አይዘለልም። በወሩ መጨረሻ ነጥቦቹ በመስመር ሲያያዙ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ረጋ ብሎ የሚሄድ፣ ለተቆጣጣሪ የሚያኮራ መስመር ይወጣል።

ወረቀቱ አይዋሽም። የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ የሚጠየቀውም በወር ስድሳ ጊዜ ነው። ነርሷ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ቆልፋ ወጥታ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እስክትመለስ ድረስ ያሉት አሥራ አራት ሰዓታት ምስክር የላቸውም። መብራት ሄዶ ቢመጣ፣ በሩ ሳይገጥም ቢያድር፣ ፍሪጁ ከልክ በላይ ቢያቀዘቅዝ፣ ጠዋት ላይ ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ካሳየ ሌሊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

በደጋው ሀዲያና ከምባታ ደግሞ የሚያሳስበው ሌሊቱ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች፤ አንጋጫና ዶዮገና የባሱ ደጋ ናቸው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር የቆርቆሮ ቤት ውስጡም እንደ ደጁ ይቀዘቅዛል። ቀን ላይ ሞቆብኛል ብሎ የፍሪጁን ማስተካከያ ወደ ቀዝቃዛው ያዞረ ሰው ማታ መልሶ ሳያላላው ይሄዳል። በተለይ በላምባ ጋዝ ይሠሩ የነበሩት የድሮዎቹ ፍሪጆች ራሳቸውን መቆጣጠር ብዙም አይችሉም ነበር፤ ያዘዙትን ያህል ሳይሆን የቻሉትን ያህል ነበር የሚያቀዘቅዙት።

ክትባት የሚበላሸው በሙቀት ነው የሚለው ግምት ግማሽ እውነት ነው። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ሙቀት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፔንታቫለንት ግን ጠላቱ በረዶ ነው። ፔንታቫለንት የዘጊ አናዳ፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የትክትክ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የሂብ ባክቴሪያ መከላከያዎችን በአንድ ብልቃጥ የያዘ ክትባት ነው። በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው በረዶ ከሆነ በኋላ እርስ በርሱ ይጓጉላል፤ ቢቀልጥም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ብልቃጡ ላይ ያለችው ቀለም የምትቀይር ምልክት እዚህ ላይ አትረዳም፤ እሷ የምትቆጥረው የተጠራቀመውን ሙቀት ነው። ለአንድ ሰዓት በረዶ የሆነ ፔንታቫለንት ምልክቱ ንጹሕ ሆኖ፣ መልኩም ለአላፊ አግዳሚው ደህና መስሎ ሊቀመጥ ይችላል። ብልቃጡን በኃይል ነቅንቆ ዝቃጩ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ማየት የሚባል ዘዴ አለ፤ እሱም ቢሆን አስቀድሞ መጠርጠርን ይጠይቃል።

እንዲህ ያለውን ሌሊት የሚመሰክር መሣሪያ ነው መዝጋቢ ወይም ሎገር የሚባለው። የሙቀት ዳሳሽ፣ ሰዓት፣ ማኅደርና ባትሪ በአንድ ቀፎ ውስጥ የተገናኙበት ነገር ነው። በየተወሰነ ጊዜ ሙቀቱን ለክቶ ከሰዓቱ ጋር ይጽፋል፤ እንቅልፍ የለውም፣ ዓመት በዓል የለውም። በክትባት ፍሪጆች ውስጥ በብዛት የሚታወቀው የስዊዘርላንዱ ቤርሊንገር ኩባንያ ፍሪጅ ታግ ነው። መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ያለፉትን ሠላሳ ቀናት በስክሪኑ ያሳያል፤ ሁለተኛው ትውልዱ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ሪፖርቱን በፒዲኤፍ ያወጣል።

ሰው መሣሪያው ሁሉን ያያል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከወረቀቱ የባሰ ሊያሳስት ይችላል። መዝጋቢም እንደ ወረቀቱ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ጥያቄው የሚጻፈው ገና ከካርቶኑ ሲወጣ፣ ሲዋቀር ነው። በየስንት ደቂቃው ይለካ? ማኅደሩ ሲሞላ ምን ያድርግ? ከየት በላይ፣ ከየት በታች፣ ለምን ያህል ጊዜ ሲቆይ ይጩኽ? አሁንስ ስንት ሰዓት ነው? ካለፈ በኋላ ከእነዚህ አብዛኞቹን ማረም አይቻልም፤ ያልተመዘገበ ደቂቃ የትም ተፈልጎ አይገኝም።

ከደቂቃው እንነሳ። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ይነሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያርፋል፤ ሙቀቱ ትንሽ ሲወጣ እንደገና ይነሳል። እንበልና ይህ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ መዝጋቢው ደግሞ በየሰዓቱ እንዲጽፍ ታዟል። ያኔ መዝጋቢው በመጣ ቁጥር ፍሪጁን የዙሩ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያገኘዋል። ውስጡ ከ1 እስከ 7 ዲግሪ እየወጣ እየወረደ ሳለ ሪፖርቱ ላይ ግን በ4 ዲግሪ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ይታያል። ሁሌም በአንድ ሰዓት ላይ ዙሪያውን የሚቃኝ ዘበኛ ሰዓቱን ያወቀ ሌባ አያመልጠውም ማለት ዘበት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ዙር ውስጥ አምስትና ስድስት ጊዜ መለካት። ለግማሽ ሰዓት ዙር በየአምስት ደቂቃው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን በየሠላሳ ሰከንዱ አይሆንም? ማኅደሩ ስለማይችል ነው። 16,000 ንባብ የሚይዝ መዝጋቢ በየደቂቃው ከጻፈ በ11 ቀን ይሞላል፤ በየአምስት ደቂቃው ከሆነ 55 ቀን፣ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ከሆነ 166 ቀን ይቆያል። ሒሳቡ የንባቡን ብዛት በደቂቃው አባዝቶ ለ1,440 ማካፈል ነው፤ 1,440 የአንድ ቀን ደቂቃዎች ናቸው። ተቆጣጣሪው በወር አንዴ የሚመጣ ከሆነ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ ጨቅይቶ ሁለት ወር የሚቆይ ከሆነ ደግሞ አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ አሥር ማድረግ ይሻላል። ይህን የሚወስነው የመሣሪያው መመሪያ ሳይሆን የወረዳው መንገድ ነው።

ማኅደሩ ከሞላ በኋላ ስላለው ምርጫ የራሴን ፍርድ ልስጥ። አንደኛው መንገድ አሮጌውን እየደመሰሱ መቀጠል፣ ሁለተኛው ማቆም ነው። ቦታው ላይ ለሚኖር ፍሪጅ እየደመሰሰ ይቀጥል፤ የሚፈለገው የቅርቡ ወሬ ነውና። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሆሳዕና ለሚደርስ የክትባት ሣጥን ግን ያቁም። ሣጥኑ ደርሶ ሳምንት ሙሉ ጥግ ላይ ቢረሳ፣ መዝጋቢው የባዶ ክፍሉን ሙቀት እየጻፈ የመንገዱን ማስረጃ እንዳያጠፋው። ለጉዞ መዝጋቢ ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ እሱም የመነሻ ሰዓቱ ነው። ጠረጴዛ ላይ 20 ዲግሪ ውስጥ እንደተቀመጠ ከተነሳ የመጀመሪያ ንባቦቹ ሁሉ ማንቂያ ይሆናሉ። ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆይቶ እንዲጀምር ማዘዝ ይቻላል፤ አብዛኞቹ መዝጋቢዎች ይህን ይፈቅዳሉ።

ወደ ፍሪጅ ታግ ስንመለስ፣ አምራቹ ከእነዚህ ውሳኔዎች አብዛኛውን ለነርሷ አልተወላትም። የማንቂያው ልክ የዓለም ጤና ድርጅት ባስቀመጠው መሠረት አስቀድሞ ተሞልቶ ይመጣል፤ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ 10 ሰዓት ከቆየ፣ ወይም ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ወይም ከዚያም ዝቅ ብሎ 60 ደቂቃ ከቆየ ይጮኻል። ሁለቱ ጊዜያት እኩል አለመሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀት ጉዳቱን ቀስ እያለ ነው የሚያጠራቅመው፤ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ለሦስት ሰዓት 9 ዲግሪ ቢደርስ ክትባቱ አይጣልም። በረዶ ግን አያጠራቅምም፤ አንዴ ከሆነ ሆነ። ይህ ልክ ለማንም እጅ ክፍት ቢሆን፣ ጩኸቱ የሰለቸው ሰው ከፍ ያደርገውና ነገሩ ጸጥ ይላል። ስለዚህ መዘጋቱ ልክ ነው እላለሁ። የመሣሪያው ትክክለኛነት ግማሽ ዲግሪ ወዲያና ወዲህ መሆኑንም ማወቅ ይበጃል፤ ከጎኑ ያለው ቴርሞሜትር 4.0 ብሎ እሱ 4.4 ቢል አንዱ ተበላሸ ማለት አይደለም። የሚቀመጠው ግን በር አጠገብ ሳይሆን በረዶ ከሚፈሩት ክትባቶች መካከል ነው።

እንግዲህ ልኩ ከተዘጋ ለነርሷ የቀረላት ምንድን ነው? መሣሪያው የመጀመሪያ ቀን ሲነቃ ስክሪኑ ላይ ብልጭ እያለ የሚጠይቃት ዋናው ነገር ሰዓቱንና ቀኑን ነው። አምራቹ ይህ ሊያሳስት የማይችል ቀላል ጥያቄ መስሎታል። ስዊዘርላንድ ላይ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን ከሁሉም የከበደው እሱ ነው።

ነርሷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርቶኑን ከፈተች እንበል። መሣሪያው ሰዓት ሲጠይቃት 2:00 ብትሞላ ማን ይፈርድባታል? እጇ ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ነው የሚለው። መሣሪያው ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንደሆነ ተረድቷል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይኖራል። ቀኑን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከዚህም የሚከፋ አለ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የከፈተችው ከሆነና 1:00 ብላ ከሞላች ስህተቱ ስድስት ሰዓት ሳይሆን አሥራ ስምንት ሰዓት ነው፤ መሣሪያው 19:00 ነበር የሚጠብቀው። አንዱ ጤና ጣቢያ በስድስት፣ ሌላው በአሥራ ስምንት፣ ሦስተኛው በትክክል። ሦስቱም ሪፖርት ወደ ዞን ሲመጣ መልካቸው አንድ ነው።

ከዚያ ከዞን ስልክ ይደወላል። ወሬው በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚሄደው፦

«እህቴ፣ ማንቂያው የተመዘገበው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«የቀን ነው የሌሊት?»

«እሱን አይልም፤ 08:00 ነው ያለው።»

በፈረንጅ አቆጣጠር 08:00 ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ነርሷ ገብታ በሩን የከፈተችበት ሰዓት። በእኛ ከተሞላ የቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ መብራት ሄዶ ሊሆን ይችላል። የምሽት ስህተት ካለበት ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ የበረዶው ሰዓት። አንድ ቁጥር ሦስት የተለያየ ታሪክ ይነግራል፤ ፔንታቫለንቱ ይጣል አይጣል የሚለውም በታሪኩ ላይ ይወሰናል።

ቀኑስ? የእኛ ዓመት ከእነሱ በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል፤ አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው፤ አሥራ ሦስተኛዋን ጳጉሜን መሣሪያው ፈጽሞ አያውቃትም። ጥቅምት 15 ቀን 2017ን 15/2/2017 ብሎ የሞላ ሰው መሣሪያው በፈረንጅ ሁለተኛ ወር፣ ፌብሩዋሪ ላይ ነኝ ብሎ እንዲያምን አድርጎታል። ለሁለት ሳምንት ያህል ሁሉም ደህና ይሄዳል። ጥቅምት 29 ሲደርስ ግን መሣሪያው 28 ቀን ቆጥሮ ወሩን ይዘጋና 1/3 ይላል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ቀኖቹ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። የሚያስቀው፣ የሁለቱም ዓመት 365 ቀን ስለሆነ ስህተቱ ጥቅምት 1 ላይ ራሱን አስተካክሎ እንደገና ይጀምራል። በዚያ ሰሞን የሚመጣ ተቆጣጣሪ መሣሪያው ትክክል ነው ብሎ ፈርሞ ይሄዳል።

ይህ ድሮ ብዙም አያስቸግርም ነበር፤ ሪፖርቱ የሚቀረው እዚያው ፋይል ውስጥ ነበርና። አሁን ግን የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ሆሳዕና የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ የሀዲያም የከምባታም የሌሎቹም ዞኖች መረጃ ተሰብስቦ የሚነጻጸርበት ቦታ አለ። የጤና ሪፖርት የሚሞላው በኢትዮጵያ ወር ነው፤ ፍሪጅ ታግ የሚያወጣው ፒዲኤፍ ደግሞ በፈረንጅ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው መካከል ላይ አለ፤ ያ ሰው መሣሪያው በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ ካላወቀ ማገናኘቱ ግምት ብቻ ነው።

መፍትሔው መሣሪያውን ኢትዮጵያዊ ማድረግ አይመስለኝም። አንዳንዶች በእኛ ሰዓት ይሞላ ይላሉ፤ ነርሷ በቀላሉ ታነበዋለች፣ እውነት ነው። ግን ጳጉሜን የማያውቅ መሣሪያ በእኛ አቆጣጠር ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰዓቱም ቀኑም በፈረንጅ ይሞላ፤ ከጎኑ ግን ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ፦ በፈረንጅ ነው፣ የተሞላው በዚህ ቀን፣ በእኛ ጠዋት በዚህ ሰዓት፣ የሞላችው እገሊት። በስህተት ተሞልቶ የቆየ መሣሪያ እንኳ ይህ ጽሑፍ ካለው ይድናል፤ ልዩነቱ ከታወቀ የወራት መዝገብ በአንድ መደመር ወይም መቀነስ ይቃናል። ሰዓቱ ትክክል ያልሆነ መዝገብ ይታረማል፤ ሰዓቱ ምን እንደነበር የማይታወቅ መዝገብ ግን አይታረምም።

ጉዳዩ የክትባት ብቻ አይደለም፤ የዝናብም ነው። ሆሳዕና ዝናቧ በሁለት የሚከፈል አገር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በአንድ ወገን የወረደው ወደ ጊቤ ገብቶ በኦሞ በኩል ቱርካና ይደርሳል፣ በሌላው የወረደው በቢላቴ አድርጎ አባያ ሐይቅ ይገባል። ዝናቡን የሚለካው ዘመናዊ መሣሪያ ውስጥ እንደ ሚዛን የሚያዘነብል ትንሽ ሁለት ጎድጓዳ ማንኪያ አለ፤ በብዙዎቹ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሞላ ቁጥር አንዴ ይገለበጣል። መዝጋቢው የሚቆጥረው መገልበጡን ነው። 20 ሚሊ ሜትር ማለት 100 ግልበጣ ነው።

እዚህ ላይ ውቅሩ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያመጣል። መዝጋቢው በየሰዓቱ የግልበጣውን ድምር ብቻ እንዲጽፍ ከታዘዘ፣ መቶው ግልበጣ በሃያ ደቂቃ ዶፍ የመጣ ይሁን ሰዓቱን ሙሉ በካፊያ አይታወቅም። ለእንሰት ማሳው ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለተዳፋቱ አፈር፣ ለቦዩና ለድልድዩ ግን ሁሉም ነገር ነው። ስለዚህ ለዝናብ እያንዳንዱ ግልበጣ ከነሰከንዱ ይጻፍ ማለት ይሻላል፤ ደረቅ ቀን ላይ ምንም ስለማይጻፍ ማኅደሩንም አያጨናንቅም። ለሙቀት ትክክል የሆነው በየተወሰነ ደቂቃ መጻፍ፣ ለዝናብ ትክክል አይደለም።

ሰዓቱም እዚህ ይከተለናል። በሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ሰው በእጁ የሚለካው የዕለት ዝናብ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህም በዓለም አቀፉ የጊዜ አቆጣጠር 06:00 ማለት ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የዘነበው ማክሰኞ ጠዋት ይነበባል። መዝጋቢው ግን ካልተነገረው በቀር ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው የሚደምረው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መሣሪያው ተሳስቷል ወይም አንባቢው ሰንፏል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ቀን የሚሉት ነገር ብቻ ተለያይቷል። መዝጋቢው የዕለቱን ድምር ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እንዲዘጋ ማዘዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳይታዘዝ ያለፈውን ዓመት ግን እያንዳንዱን ግልበጣ ወይም የየሰዓቱን ድምር ከመዘገቡ በቀር መልሶ መደመር አይቻልም።

ይህን የሚያነቡት በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ፍሪጁን ሲከፍቱ ሙቀቱን ከማየትዎ በፊት የፍሪጅ ታጉን ሰዓትና ቀን ከስልክዎ ጋር ያመሳክሩ። ልዩነት ካገኙ ሰዓቱን ለማረም አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ያለውን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ያውጡና ልዩነቱ ስንት ሰዓትና ስንት ቀን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ ማረሙ ከዚያ በኋላ ነው።